ከአፍንጫ እስከ ኩላሊት፦ ጂፒኤ የሚባለው በሽታ

ለወራት የታፈነ አፍንጫ፣ ቅርፊት እየሠራ የሚደማ፣ አንዳንዴም ጆሮ ፈሳሽ ይቋጥርና መስማት ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚታዘዝለት የሳይነስ ወይም የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ ለአብዛኛውም ሰው ትክክለኛው ሕክምና ይኸው ነው። በጥቂቶች ላይ ግን የችግሩ ሥር ያለው ደም ሥሮች ላይ ነው። ጂፒኤ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው በሽታ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ ራሱን ጥቃቅን ደም ሥሮች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪድሪኽ ቬገነር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዝርዝር ስለጻፈበት ለረጅም ዘመን በስሙ ሲጠራ ቆየ፤ የናዚ ግንኙነቱ ከተጋለጠ በኋላ የሙያ ማኅበራት በ2011 ስሙን ቀየሩት። በብዙ ሕመምተኞች ደም ውስጥ አንካ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ይገኛል። ይህ ነገር ኒውትሮፊል በተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ላይ ሲጣበቅ፣ ለተህዋስያን የተዘጋጀውን መርዛቸውን በደም ሥሩ ግድግዳ ላይ ይረጩታል።

ደም ሥር የማይደርስበት የአካል ክፍል ጥቂት ስለሆነ በሽታው ብዙ ቦታ ብቅ ይላል። ዓይን ይቀላል፣ ያማል፤ እግር ላይ ሲጫኑት የማይጠፋ ሐምራዊ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ነርቭ ሲጎዳ የእግር መዳፍ ወደ ላይ አልነሣ ይላል። ከሁሉ አብልጦ የሚያዘወትረው ግን አፍንጫንና ሳይነስን፣ ሳንባንና ኩላሊትን ነው። የአፍንጫ አጥርን በስቶ ድልድዩን ሊያሰምጥ፣ ከማንቁርት በታች ያለውን የአየር ቧንቧ አጥብቦ ድምፅን ሊያጎረንን ይችላል። ሳንባ ውስጥ ዕባጭና ዋሻ ይሠራል፣ ደም ያስተፋል። እነዚህ ሁሉ ሰውን ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱ ምልክቶች ናቸው። ኩላሊት ግን አያምም፤ ሽንቱም ለዓይን ደህና መስሎ ሊቆይ ይችላል። እያንዳንዱ ኩላሊት የያዘው አንድ ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ የጥቃቅን ደም ሥር ቋጠሮ ስለሆነ ግን ለዚህ በሽታ እጅግ የተጋለጠ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ሥራ ሊያቆምም ይችላል። በእኔ ግምት ስለዚህ በሽታ ማወቅ የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፦ አፍንጫና ሳንባ አብረው ሲታመሙ መመርመር ያለበት ዝም ያለው ኩላሊት ነው፤ ለመጀመሪያ ፍተሻም ተራ የሽንት ምርመራ ይበቃል።

በኢትዮጵያ ያለ ሐኪም ይህን ሲሰማ፣ ደም የሚተፋ፣ የከሳ፣ ራጅ ላይ ዋሻ የታየበት ሰው ሲመጣ አስቀድሞ ቲቢን ማሰብ አይገባም ወይ? ቢል እውነት አለው። ቲቢ የተለመደ ነው፣ ጂፒኤ ብርቅ ነው። ሆኖም አክታው ተደጋግሞ ተመርምሮ ነፃ ከተባለ፣ መድኃኒቱም ካልሠራ፣ አንድ ብልቃጥ ሽንት ማየት የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ሽንት ውስጥ ደም ከኢንፌክሽን፣ ከጠጠር፣ ከቢልሃርዚያም ይመጣል የሚለውም እውነት ነው። ልዩነቱን የሚያወጣው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ቅርጻቸው የተዛባ ቀይ ሕዋሳትና ካስት የሚባሉት በሲሊንደር ቅርጽ የተጋገሩ የሕዋሳት ጥርቅሞች ከታዩ ደሙ የመጣው ከማጣሪያው ነው። ታዲያ ለምን በቀጥታ የአንካ ምርመራ አይደረግም? ምክንያቱም ቲቢ ባለበት ሰው ላይም አንዳንዴ ስለሚገኝ፣ ጂፒኤ ባለበት ላይ ደግሞ ሊጠፋ ስለሚችል ብቻውን አይታመንም፤ ብዙ ጊዜ ከተጎዳው አካል ናሙና ተወስዶ ይረጋገጣል። ጥንቃቄው ለሁለቱም ወገን ነው፤ መከላከያን የሚያዳክመው የጂፒኤ መድኃኒት ቲቢ ላለበት ሰው ቢሰጥ ቲቢውን ያባብሰዋል።

በ1958 እንግሊዝ ውስጥ የታተመ ዘገባ ሕክምና ካላገኙት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚሞቱ አሳይቶ ነበር። ሳይክሎፎስፋሚድ ከፕሬድኒሶን ጋር መሰጠት ከጀመረበት ከ1970ዎቹ ወዲህ፣ በኋላም ሪቱክሲማብ ሲጨመር፣ አብዛኛው ሕመምተኛ በሽታው ጋብ ይልለታል። የሞተ የኩላሊት ማጣሪያ ግን አይተካም። ስለዚህ አፍንጫዎ ለወራት እየደማ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ፣ በላዩ ላይም ሳል ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ከመጣ፣ ሐኪምዎን የሽንት ማይክሮስኮፕ ምርመራና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን የክሬአቲኒን የደም ምርመራ ይጠይቁ፤ ሽንትዎ ጠራ ብለው አይዘግዩ።