ሥራ የፈታ ኮምፒውተር ሰማይን ሲመረምር

ከምድር ውጭ የሚያስብ ፍጡር ይኖር ይሆን? ብዙዎቻችን ጠይቀን እናልፋለን። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ግን የግል ኮምፒውተራቸውን ለፍለጋው አውሰዋል።

በአሜሪካ የሚገኘው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 «ሴቲ አት ሆም» የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። በፖርቶ ሪኮ የነበረው፣ 305 ሜትር ስፋት ያለው የአሬሲቦ ቴሌስኮፕ ከሰማይ የሚቀበለው የራዲዮ ሞገድ እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ መረጃው በትንንሹ ተከፋፍሎ በኢንተርኔት ለፈቃደኞች ይላክ ነበር። ባለቤቱ ሻይ ሊጠጣ ሲነሣ ኮምፒውተሩ ድርሻውን መርምሮ ውጤቱን ይመልስ ነበር። አንዳንዶችማ «ማን ብዙ መረመረ?» እያሉ ይፎካከሩ ነበር።

ፕሮግራሙ በማርች 2020 አዲስ ሥራ ማከፋፈሉን አቆመ። ከሌላ ዓለም ፍጡር መምጣቱ የተረጋገጠ አንድም ምልክት አልተገኘም።

ታዲያ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነበርን? አይደለም። በዚሁ ዘዴ የሚሠራው «አይንስታይን አት ሆም» እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሬሲቦ መረጃ ውስጥ ቀድሞ ያልታወቀ ፑልሳር፣ ማለትም በፍጥነት የሚሽከረከር ኮከብ፣ አግኝቷል። ያገኙትም የተራ ሰዎች ኮምፒውተሮች ናቸው። በ2020 ደግሞ «ፎልዲንግ አት ሆም» የኮሮና ቫይረስን ፕሮቲኖች ለማጥናት የብዙ ፈቃደኞችን ኮምፒውተሮች አሰባስቧል።

የተፈለገው አልተገኘም፤ ተባብሮ የመፈለጊያው መንገድ ግን ተገኝቷል።