ሰነዳችንን ለደመና አደራ ከመስጠታችን በፊት

በአሶሳ ከተማ የሚኖሩ አንድ የምናውቃቸው የአኩሪ አተር ነጋዴ የዓመታት የገቢና የዱቤ ሂሳባቸውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያስቀምጡ ነበር። ሃርድ ዲስኩ በተበላሸ ዕለት ማን ምን ያህል ዕዳ እንዳለበት የሚመሰክርላቸው ከባለዕዳዎቹ ኅሊና በቀር ሌላ አልነበረም። ከዚያ በኋላ «ሂሳቤን በደመና ላይ ላስቀምጥ ይሆን? የትኛውስ ይሻላል?» ሲሉ ጠየቁን። ጥያቄው የብዙ ድርጅቶች ጥያቄ በመሆኑ መልሱን ከፊዚክስ ተነሥተን እንፈልገው።

ደመናው የት ነው?

«ደመና» የሚለው ስም ሊያሳስተን አይገባም። የደመና ማከማቻ ማለት በኢንተርኔት የምንጠቀምበት፣ በሌላ ቦታ የተተከለ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፋይበሩ ይህንኑ መንገድ ቢከተል የምልክቱ ደርሶ መልስ 7 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው ጀርመን ለሚገኝ ማከማቻ ግን ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ያስፈልጋል። ይህ ልዩነት ሰነድ ለሚያስቀምጥ ሰው እምብዛም አይሰማውም።

የሚሰማው የመስመሩ አቅም ነው። 100 ጊጋባይት 800 ቢሊዮን ቢት ነው። የመጫኛው ፍጥነት በሰከንድ 10 ሜጋቢት ቢሆን ሥራው 80,000 ሰከንድ፣ ማለትም 22 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንታት ያህል በተቋረጠበት ጊዜ በውጭ አገር ብቻ የተቀመጠ ሰነድ ለባለቤቱ እንደሌለ ነበር።

ዋጋውና ሕጉ

የውጭ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚከፈሉት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በዶላር ያልተለወጠ ወርኃዊ ክፍያ በብር ተወደደ ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ ያሉትን የአገር ውስጥ አማራጮችም ማነጻጸር ይገባል። የደንበኞች ስምና ስልክ የሚገኝበት ሰነድ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃን ከአገር ውጭ ስለ ማስተላለፍ የሚደነግገውን አስቀድሞ ማንበብ ግድ ነው።

ደመናም ይቃጠላል

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኝ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ፤ ሌላ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች ሰነዳቸውን አጡ። መስከረም 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በደረሰ ቃጠሎም የመንግሥት ሠራተኞች ይጠቀሙበት የነበረው ማከማቻ 858 ቴራባይት መረጃ ይዞ ጠፋ። መጠኑ ትልቅ ነው ተብሎ በሌላ ቦታ ቅጂ አልተቀመጠለትም ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ «የትኛው ደመና ይሻላል?» ከሚለው በፊት «ስንት ቅጂ አለኝ?» የሚለው ጥያቄ እንደሚቀድም ነው። የታወቀው ደንብ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱም በሌላ ቦታ ይላል። ለነጋዴያችንም ይህንኑ መክረናል፦ አንዱ በቢሮው ኮምፒውተር፣ አንዱ በቤት በሚቀመጥ ተንቀሳቃሽ ዲስክ፣ አንዱ በደመና። ወደ ደመና የሚላከው አስቀድሞ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍ፤ ቁልፉም ከሰነዱ ጋር በአንድ ቦታ አይቀመጥ።

የመጨረሻው መመዘኛ ተግባራዊ ሙከራ ነው። በየሦስት ወሩ አንድ ሰነድ ከደመናው አውርዶ መክፈትና የፈጀውን ጊዜ መመዝገብ ያስፈልጋል። ተመልሶ ሊከፈት ያልቻለ ቅጂ እንደ ቅጂ አይቆጠርም። ውድ ተማሪዎች፣ ይህን ሙከራ በመመረቂያ ጽሑፋችሁና በማስታወሻችሁ ላይ ዛሬውኑ ጀምሩት። አበው እንደሚሉት፣ ሳይቃጠል በቅጠል።