የተወረሰ ልብስ ለተፈናቀለ ወገን

ድርቅም ሆነ ግጭት ሕዝብን ከቀዬው ሲያፈናቅል የእርዳታ ሠራተኛው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ እህል፣ ቀጥሎም ስለ ውኃና ስለ መጠለያ ነው። ልብስ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል። ይሁን እንጂ ተፈናቃዩ አብዛኛውን ጊዜ ከለበሰው ልብስ በቀር ሌላ ቅያሪ ሳይዝ የሚደርስ በመሆኑ፣ የልብስ እጦት ከሰውነት ክብር አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ምዕራብ ጎጃም በምርታማነቱ የሚታወቅ፣ ከሚያፈናቅለው ይልቅ የሚቀበለው የሚበዛ አገር ነው። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሚገኙ ሲሆን፣ ወደ ነቀምት የሚያመራው መንገድም የሚገነጠለው ከቡሬ ነው። በዚህም ምክንያት ከዓባይ ማዶ ለሚፈናቀል ሕዝብ የመጀመሪያ ማረፊያ ሆነው ቆይተዋል። በ2005 ዓ.ም. ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የተፈናቀሉ ገበሬዎች በፍኖተ ሰላም ተጠልለዋል፤ ከዚያም ወዲህ ባሉት ዓመታት ከወለጋ የሸሹ ቤተሰቦች ወደ ቡሬ ደርሰዋል። ከቆላ የመጣ ሰው ስስ ልብሱን እንደለበሰ በደጋው ክረምት ሲያዝ ችግሩ ይበረታል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ የረጠበ ልብስ በገላ ላይ ይደርቃል እንጂ ለማድረቅ የሚያወልቀው የለም።

በአንጻሩ በጉምሩክ መጋዘኖች በኬላ የተያዘ ልብስ ይከማቻል። የጉምሩክ ኮሚሽን በልዩ ልዩ ጊዜያት የተወረሱ አልባሳትና ሌሎች ዕቃዎችን ለተፈናቀሉና በጦርነት ለተጎዱ ወገኖች መስጠቱ ይታወቃል። አሠራሩ መልካም ነው። ነገር ግን የተወረሰ ልብስ እርዳታ የሚሆነው ከመጋዘኑ በመውጣቱ ብቻ ሳይሆን ሕጉን ጠብቆ፣ ተጣርቶና ለተቀባዩ ተስማምቶ ሲደርስ ነው።

የተያዘ ልብስ ዓይነቶች

በመጋዘን የሚገኘው ልብስ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ አዲስ ልብስ ነው። ሁለተኛው በሕዝብ ዘንድ ሰልባጅ የሚባለው ልባሽ ጨርቅ ሲሆን፣ ለንግድ ወደ አገር ማስገባቱ የተከለከለ ነው። ሦስተኛው የታወቀ ድርጅትን ምልክት ያለፈቃድ ለጥፎ አስመስሎ የተሠራው፣ በተለምዶ ፎርጅድ የሚባለው ነው። ሦስቱ በአንድ ማዳበሪያ ታስረው ቢገኙም የሚጠይቁት ጥንቃቄ የተለያየ ነው። አዲሱ ልብስ ወደ ገበያ ተመልሶ እንዳይወጣ፣ ልባሹ ከእርጥበትና ከሻጋታ የጸዳ እንዲሆን፣ አስመስሎ የተሠራው ደግሞ ምልክቱ እንዲነሳለት ያስፈልጋል።

ስለ ምልክቱ

የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የምልክቱን ባለቤት መብት ያስከብራል፤ በድንበር የሚገባ ዕቃም በጉምሩክ በኩል እንዲያዝለት ለማመልከት ያስችለዋል። ከዓለም ንግድ ድርጅት ስምምነቶች አንዱ የሆነው የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት ደግሞ አስመስሎ የተሠራ ዕቃ እንዲጠፋ ወይም ከንግድ መስመር ውጭ እንዲወገድ ይደነግጋል። ምልክቱን ማንሳት ብቻውን፣ ከልዩ ሁኔታ በስተቀር፣ ዕቃውን ወደ ገበያ ለመመለስ በቂ አይደለም።

ይህ ድንጋጌ በእ.ኤ.አ. 2009 በዩናይትድ ስቴትስና በቻይና መካከል በተደረገ ክርክር ተፈትኗል። የቻይና ጉምሩክ ከያዘው ዕቃ የተወሰነውን ለቀይ መስቀልና ለሌሎች በጎ አድራጎት ተቋማት ይሰጥ፣ የተወሰነውንም ምልክቱን አንስቶ በጨረታ ይሸጥ ነበር። የክርክሩ ዳኞች ስሕተት ያገኙት በጨረታው ሽያጭ ላይ እንጂ ለችግረኛ በመስጠቱ ላይ አልነበረም። በዩናይትድ ስቴትስም ሕጉ የምልክቱ ባለቤት ከፈቀደና ዕቃው ለጤና የማያሰጋ ከሆነ፣ ምልክቱ በሚቻል ጊዜ ተነስቶ ለበጎ አድራጎት እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ስለዚህ ችግረኛን ማልበስና የባለመብትን መብት ማክበር የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም፤ የሚያጣላቸው ልብሱ ተመልሶ ለሽያጭ ሲቀርብ ነው።

በተግባር ሲታይ የተሰፋ ምልክት በመቀስና በምላጭ ይፈታል፤ የታተመ ምልክት በጨርቅ ተደርቦ ይሰፋበታል። ይህን ሥራ በየከተማው ላሉ ልብስ ሰፊዎች፣ ከተቻለም ሙያው ላላቸው ተፈናቃዮች በክፍያ መስጠት ልብሱን ከማደል ጋር ገቢም ያስገኛል።

ሌላው ጥንቃቄ ውሳኔን የሚመለከት ነው። ክርክሩ ያላለቀ፣ ወይም በማስረጃነት የሚፈለግ ዕቃ ቢታደልና ባለቤቱ በኋላ ቢረታ፣ መንግሥት ባለዕዳ ይሆናል። በመሆኑም ተረካቢው መሥሪያ ቤት የውርሱን ውሳኔ ቅጂ ሳይዝ ጭነት ማንሳት አይገባውም።

ሁለተኛ ልብስ ስለምን ያስፈልጋል

ተስቦና የሚያገረሽ ትኩሳት በልብስ ቅማል የሚተላለፉ፣ ሰው በተጨናነቀበትና ልብስ በማይታጠብበት ስፍራ የሚነሡ በሽታዎች ናቸው። የልብስ ቅማል የሚኖረውና የሚራባው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው። አንድ ልብስ ብቻ ያለው ሰው ያንን አውልቆ በፈላ ውኃ ሊያጥበው አይችልም፤ ቅያሪ ያለው ግን ይችላል። ስለዚህ የሁለተኛው ልብስ ትልቁ ጥቅም የመጀመሪያውን ለማጠብ ማስቻሉ ነው። ዕደላው ከሳሙናና ከውኃ አቅርቦት ጋር መጣመር ያለበትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዕደላው ሥርዓት

ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሆኖ በቁጥር መያዝ አለበት። በኪሎ ወይም በማዳበሪያ ብቻ የተመዘገበ ልብስ በመንገድ ላይ ቢጎድል የሚታወቅበት መንገድ የለም። ዕደላውም የቤተሰቡን ቁጥር፣ ፆታና ዕድሜ በያዘ መዝገብ ይፈጸማል። በሠልፍ ለቀደመ የሚሰጥ ከሆነ ጉልበታም ወጣት ሁለት ጃኬት ይዞ ሲሄድ፣ ልጅ ያዘለች እናት ባዶ እጇን ትመለሳለች።

የአገሩም አለባበስ መታሰብ አለበት። ገበሬው ቁምጣ ለብሶ ጋቢ የሚደርብ፣ ባልቴቷም ቀሚስና ነጠላ የለመደች ናት። ጠባብ ሱሪ ለከተማ ወጣት ቢስማማ ለእነርሱ ከማቀፊያነት አያልፍም። ለእነርሱ ተስማሚ ልብስ በጭነቱ ውስጥ ከሌለ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ ከሌላ ምንጭ መሙላት ይሻላል።

ተቀባዩም ሊጠበቅ ይገባል። ትናንት በኮንትሮባንድነት የተያዘ ልብስ ዛሬ በተፈናቃይ እጅ ሲገኝ፣ በሌላ ኬላ ላይ የሚፈትሸው ሠራተኛ የሚያውቀው ነገር የለም። ወደ መቋቋሚያ ስፍራ ወይም ወደ ቀዬው ለሚመለስ ቤተሰብ የወረዳውን ማኅተም የያዘ የዕደላ ማስረጃ ቢሰጠው፣ በእርዳታ ያገኘው ነገር ወንጀል ሆኖ አይመለስበትም።

አንዳንድ ጊዜ የታደለ ልብስ በማግሥቱ በገበያ ይታያል። ይህን ሁሉ በማጭበርበር መተርጎም ተገቢ አይደለም። ልብስ ሸጦ እህል የሚገዛ ቤተሰብ ራሽኑ እንዳልበቃው እየተናገረ ነው። ነገር ግን ያልተፈታ ማዳበሪያ በነጋዴ መደብር ከተገኘ ጥፋቱ የተቀባዩ ሳይሆን የመጋዘኑ ነው። እንዲህ ያለው ፍሰት ቀረጥ ከፍሎ የሚነግደውን፣ የአካባቢውን ሸማኔና ልብስ ሰፊም ይጎዳል።

ስለሆነም የሥራው ውጤት የሚለካው ከመጋዘን በወጣው ማዳበሪያ ብዛት አይደለም። ሰኔ ሳይገባ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የተጠለለው እያንዳንዱ ሰው፣ አንዱን ልብስ አጥቦ ሌላውን ለመልበስ በመቻሉ ነው።