የማታ ተማሪዋና በስልክ የሚነበበው ብራና

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ሳህኑ ታጥቧል፤ የነገው ምሳ ዕቃም ተሰናድቷል። በአንድ ኮሌጅ ለማታ ተማሪዎች ታሪክ የምታስተምረው ጎረቤቴ ማስተማር በሌለባት ምሽት ሁለተኛ ሥራዋን የምትጀምረው ይኼን ጊዜ ነው። መነጽሯን ታደርግና ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ የሚቀጥለውን ሳምንት ትምህርት ትፈልጋለች።

የምታስተምራቸው ከአርባ ይበልጣሉ። አብዛኞቹ እናቶችና ሠራተኞች ናቸው፤ ነርስ አለች፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ አለች፣ የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛም አለች። ለዚህ ሁሉ ሰው በቤተ መጻሕፍቱ ያለው የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሽፋኑ የተገነጠለ።

«ግዙ ብዬ እንዴት ልዘዝ?» አለችኝ። «የመጽሐፉ ዋጋ ያንዷ ተማሪዬ ልጅ የወር ወተት ነው እኮ!»

በብዙ ቤት የኢንተርኔት ስም የሚነሣው ልጆች ጊዜያቸውን አባከኑ ለማለት ነው፤ እኔም ከሚያነሡት አንዷ ነኝ። ይሁን እንጂ ጎረቤቴ ያሳየችኝ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት፣ ኮሌጅቪል በሚባል ስፍራ፣ ሂል የሚባል የብራና መጻሕፍት ማዕከል አለ። በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የሚገኙትን መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳት ሥራ ተጀመረ። በኋለኞቹ ዓመታት ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ከመጻሕፍቱ የብዙዎቹን ዝርዝር ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። በ1975 በጥይት ተመትተው ቀሪ ዘመናቸውን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ያሳለፉ፣ በ2021 ያረፉ ሊቅ ናቸው። ዛሬ ከእነዚህ መጻሕፍት ብዙዎቹን፣ ስሟን በነፃ ያስመዘገበች ማንኛዋም ሴት ከጓዳዋ ሆና ገጽ በገጽ ልትመለከት ትችላለች።

«ብራና ለታሪክ ተማሪ ምን ያደርጋል? ጸሎት አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። ለካስ በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የመሬት ስጦታው፣ ሽያጩ፣ የምስክሮቹ ስም ሁሉ ይጻፍ ኖሯል። በጎንደር ዘመን መሬት የያዙ፣ የሸጡ፣ ያወረሱ ሴቶች ስማቸው የሚገኘው በዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። ሴት በቀድሞው ዘመን ንብረት አልነበራትም እየተባልን ላደግን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የስፌት ፋብሪካዋ ሠራተኛ ትምህርቱን ልታቋርጥ ተቃርባ ነበር። ሕፃን ልጅ አላት፤ መጽሐፍ የላትም፤ ግእዝም አታውቅም። መምህርቷ ከእነዚህ ጽሑፎች አንዱን ሰጥታ «አባትሽ የቤተ ክህነት ሰው አይደሉ?» አለቻት። ልጅቱ እሑድ ዕለት ስልኩን ይዛ ሄደች። ሽማግሌው መጀመሪያ እጃቸውን ታጥበው መጡ፤ ብራና መስሏቸው ነው። ቀጥሎ ጽሕፈቱን በጣታቸው ሲነኩት ገጹ ሸሸባቸውና ተቆጡ። ፊደሉ ሰፍቶ ሲታያቸው ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር። እሳቸው ሲተረጉሙ፣ እሷ ልጇን እያጠባች ስትጽፍ መሸ።

እንግዲህ ይህ መልካሙ ወገን ነው። ሌላም ወገን አለው። ባለፈው ሰሚስተር አንዲት ተማሪ የእቴጌ ጣይቱ ንግግር ነው ብላ ከፌስቡክ የገለበጠችውን አመጣች። ቃሉ ያምራል፤ የእቴጌይቱ ፎቶግራፍም አለበት። መቼ ተነገረ? ማን ጻፈው? የት ታተመ? ምንም የለም። ጎረቤቴ ልጅቱን አላሳፈረቻትም። ምሁራንም ይሳሳታሉ ብላ በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ይፋ ያደረጉትን ጥናት ነገረቻቸው። 10 የታሪክ ዶክተሮች፣ 10 የዜና እውነት አጣሪዎችና 25 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንዳንድ የኢንተርኔት ገጾችን እንዲመዝኑ ተደረገ። ከዶክተሮቹና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብበው ባማረ መልኩ ተታለሉ። አጣሪዎቹ ግን ገና ሳያነቡ ከገጹ ወጥተው «ይህን የጻፈው ማነው? ሌላው ስለሱ ምን ይላል?» ብለው ፈለጉ፤ ፈጥነውም ደረሱበት። እኛስ ገበያ ቅቤ ስንገዛ ሻጩን ብቻ ነው የምንጠይቀው? ጎረቤቱንም እንጠይቃለን እንጂ።

በማግሥቱ ክፍለ ጊዜ የውጫሌን ውል 17ኛ አንቀጽ አስነበበቻቸው። በ1889 የተፈረመው የአማርኛው ጽሑፍ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በጣልያን መጠቀም «ይቻላቸዋል» የሚል ሲሆን፣ የጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎት ነበር። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ እቴጌይቱ ውሉን ለምን አጥብቀው እንደተቃወሙ ለመረዳት የፌስቡክ ጥቅስ አያስፈልግም።

አንድ ማሳሰቢያ አላት፤ እኔም እደግመዋለሁ። የምትፈልጉትን ስታገኙ አውርዳችሁ አስቀምጡት። በ1868 ከመቅደላ ከተዘረፉት መጻሕፍት ከ300 በላይ የሚሆኑት በለንደን ናቸው፤ በርካቶቹም በብሪቲሽ ላይብረሪ ድረ ገጽ ይታዩ ነበር። በጥቅምት 2023 ቤተ መጻሕፍቱ በኮምፒዩተር ጠላፊዎች ሲጠቃ ግን ሁሉም ለወራት ተዘጉ። በዚያ ሳምንት ልታስተምርበት አዘጋጅታ የነበረችው ትምህርት ባዶ ሆኖ ቀረ።

ወጪውም አለ። ብራናው ነፃ ቢሆን ዳታው ነፃ አይደለም። ስለዚህ በክፍሉ አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ በየሳምንቱ አንዷ ተራ ገብታ፣ ዋጋው ረከስ በሚልበት በሌሊት ጥቅል ታወርዳለች፤ ለሌሎቹም በስልክ ታካፍላለች። ስልኳ አሮጌ የሆነባት ለፎቶ ኮፒው ታዋጣለች። የማወርደው ሕፃን ይዤ ስለማድር ነው፣ ያለዚያስ በዚያ ሰዓት ማን ይነቃል ያለችው ያችው የስፌት ሠራተኛ ናት።

ትምህርቷን አላቋረጠችም። ጽሑፏን ካስረከበች ሁለት ወር ሆኗታል፤ አባቷ ግን እሑድ በመጣ ቁጥር «ያንን መጽሐፍ ይዘሽልኝ መጣሽ?» ማለታቸውን አልተዉም።