አር፦ ስታቲስቲክስ የሚጻፍበት ቋንቋ

የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ኮርስ የሚወስድ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚተዋወቀው «አር» ከተባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጋር ነው። ኤክሴል ወይም ኤስፒኤስኤስ የለመደ ሰው አርን ሲከፍት ግር ይለዋል። ቁጥር የሚሞላበት ሠንጠረዥ የለም፤ ትእዛዝ የሚጠብቅ ባዶ መስኮት ብቻ ይጠብቀዋል። ሥራው ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ የቋንቋው ጥቅምም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አር ራሱ ለማስተማሪያ ተብሎ የተጀመረ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ለተማሪዎቻቸው የሚሆን የተሻለ ሶፍትዌር ቢያጡ ራሳቸው መሥራት ጀመሩ። መነሻ የሆናቸው እነ ጆን ቻምበርስ በ1976 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት «ኤስ» የተባለ ቋንቋ ነው። በ1995 አርን ማንም በነፃ እንዲጠቀምበትና እንዲያሻሽለው ለቀቁት። ዛሬ «ክራን» በሚባለው ማከማቻ ከ20 ሺህ የሚበልጡ ተጨማሪ ፓኬጆች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ለሶፍትዌር ፈቃድ የሚከፍለው ዶላር ለሌለው ተማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጀማሪው አርን ከጫነ በኋላ «አርስቱዲዮ» የተባለውን የመሥሪያ ፕሮግራም ይጨምርበታል። በግራ በኩል ከታች ያለው መስኮት ኮንሶል ይባላል፤ እዚያ የተጻፈ ትእዛዝ ወዲያው ይፈጸማል። ከላዩ ያለው ደግሞ ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዞች ዝርዝር፣ ተጽፎ የሚቀመጥበት ነው። የሁለቱ ልዩነት በደንብ የሚገባው የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪው «ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን አውጣና እንደገና ሥራው» ሲል ነው። በማውዝ እየጫነ የሠራ ተማሪ ሀ ብሎ ይጀምራል፤ ስክሪፕት ያለው አንድ መስመር አርሞ መልሶ ያስኬደዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣጣ ከሒሳቡ ይልቅ ከነጠላ ሰረዝና ከቅንፍ ይመጣል። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ መሆኑን ረስቶ «፣» የጻፈ ሰው የስህተት መልእክት ይደርሰዋል፤ አር የሚያውቀው የላቲኑን ኮማ ብቻ ነው። ቅንፍ ሳይዘጋ ኢንተር ከተጫነ ደግሞ የመደመር ምልክት ብቅ ይላል፤ «የጀመርከውን ጨርስ» ማለቱ ነው። ቅንፉን መዝጋት ወይም «ኤስኬፕ» ተጭኖ መውጣት ይበቃል።

ሌላው ጀማሪን የሚያናድደው «ኤንኤ» ነው፤ ያልተሞላ መረጃ ማለት ነው። ከአንድ ሺህ ሰዎች አንዱ ደመወዙን ሳይናገር ከቀረ፣ አር የሁሉንም አማካይ ሲጠየቅ «ኤንኤ» ብሎ ይመልሳል። የጎደለውን ዝለል ካልተባለ አይዘልም። ቢያናድድም ደግ አደረገ፤ ያ ሰው ለምን ዝም አለ ብሎ ማሰብ የተመራማሪው ሥራ ነውና።

የአገራችንን መረጃ ለያዘ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። አር ቀን የሚቆጥረው በጎርጎርዮሱ አቆጣጠር ነው። በሁለተኛው ወር 30ኛ ቀን ብለው ጥቅምት 30ን፣ ወይም በ13ኛው ወር ብለው ጳጉሜን ቢሰጡት አይቀበልም። የሚያሳስበው ግን የሚቀበለው ነው፤ መስከረም 5ን ያለ አንዳች ተቃውሞ ጃንዋሪ 5 ያደርገዋል። ስለዚህ ቀኑን አስቀድሞ መለወጥ ግድ ነው።

ማሽኑ የተሰጠውን ሁሉ ያሰላል፤ የሚታየውን ማየት የሰው ድርሻ ነው። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን «አንስኮምብ» የተባለ መረጃ ከአር ጋር አብሮ ይመጣል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ፍራንሲስ አንስኮምብ በ1973 ያሳተመው ነው። አራት ስብስቦች ሲሆኑ እያንዳንዱ 11 ጥንድ ቁጥሮች አሉት። አማካያቸው ቢሰላ፣ ኮሪሌሽናቸው ቢሰላ፣ አራቱም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ኮሪሌሽኑ 0.82 ገደማ ነው። ግራፍ ሲሣልላቸው ግን አንደኛው በመስመር ዙሪያ የተበተኑ ነጥቦች፣ ሁለተኛው ቅስት፣ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ያፈነገጠበት ቀጥ ያለ መስመር፣ አራተኛው አንድ ነጥብ ተነጥሎ የቀረበት ዓምድ ሆነው ይወጣሉ።

ኮርሱን ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሥራችሁን በስክሪፕት አስቀምጡ፤ ማንኛውንም አማካይ ከማመናችሁ በፊትም መረጃውን በግራፍ ሥላችሁ እዩት። የቀረው ትእዛዝ እየሠራችሁ የሚለመድ ነው።