የአውራ አምባ ማኅበረሰብ

የአውራ አምባ ማኅበረሰብ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በፎገራ ወረዳ የሚኖር፣ ከክርስትናም ሆነ ከእስልምና የአምልኮ ሥርዓት ተለይቶ በራሱ ደንብ የሚተዳደር ማኅበረሰብ ነው። መንደሩ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ይገኛል። መሥራቹ ዙምራ ኑሩ የእስቴ ተወላጅ ናቸው። ማኅበረሰቡ ዛሬ በወንድና በሴት እኩልነት፣ በሥራ ወዳድነትና አረጋውያንን በመጦር ይታወቃል። ቀድሞ ግን በጎረቤቶቹ ዘንድ በከባድ ጥርጣሬ ይታይ ነበር።

አመሠራረት

ዙምራ ኑሩ የተወለዱት ከሙስሊም ቤተሰብ ነው። እንደሚናገሩት ገና በልጅነታቸው ሁለት ነገሮች ያስጨንቋቸው ነበር። አንደኛው፣ እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ሲመለሱ አባት ሲያርፉ እናት ግን መፍጨቱም፣ መጋገሩም፣ እግር ማጠቡም በእርሳቸው ላይ መውደቁ ነው። ሁለተኛው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ያረደውን ሌላው አለመብላቱ ነው። «ሁሉም የአንድ ፈጣሪ ፍጡር ከሆነ ልዩነቱ ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄያቸው በአካባቢው ሰው ዘንድ እንደ እብደት ተቆጠረ።

በ13 ዓመታቸው ከቤት ወጥተው ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ለዓመታት ተንከራተቱ። በኋላም በፎገራ ከሚኖሩ ጥቂት ገበሬዎች ጋር ተግባብተው በ1964 ዓ.ም. ገደማ ማኅበረሰቡ ተመሠረተ።

እምነትና አኗኗር

የአውራ አምባ ሰዎች ፈጣሪ መኖሩን ያምናሉ፤ በመንደራቸው ግን ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም። አምልኮ ማለት ለሰው መልካም ማድረግና በታማኝነት መሥራት ነው ይላሉ። ወንዶች ያበስላሉ፣ እንጀራ ይጋግራሉ፤ ሴቶችም በሬ ጠምደው ያርሳሉ፣ ይሸምናሉ። ሠርግ ያለ ድግስ ይፈጸማል፤ ለሞተ ሰው ተዝካር አይደገስም። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በጋራ ይጦራሉ።

ጥርጣሬው ለምን መጣ?

የተቃውሞው ምክንያት የዶግማ ልዩነት ብቻ አልነበረም። በእስቴ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በአካባቢው የገበሬው ኑሮ ከሃይማኖቱ ጋር የተጠላለፈ ነው። በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ይከበራሉ፤ በእነዚህና በመሰል ቀናት ማረስ ነውር ነው። በዓል ተሽሮ ቢታረስ በረዶ ይመጣል፣ የሁሉም አዝመራ ይመታል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ በበዓል ቀን የሚያርስ ሰው በጎረቤቶቹ ዓይን በራሱ ነፍስ ብቻ ሳይሆን በአገሩ እህል ላይ እንደ ፈረደ ይቆጠራል።

በሌላ በኩል ሰው ከሰው የሚዛመደው በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በክርስትና አባትነትና በተዝካር ነው፤ በሙስሊሙም ዘንድ በሶላቱና በዒዱ። ከሁለቱም የወጣ ሰው «ማን ያበላዋል? ማን ይቀብረዋል?» የሚል ጥያቄ ይነሣበታል። ጸረ ሃይማኖት የሚለው ክስም የመጣው ከዚሁ ነው።

ስደትና መልስ

ጥላቻው ውሎ አድሮ ከፖለቲካ ጋር ተገናኘ። በደርግ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ጦርነት በነበረበት ወቅት፣ የማኅበረሰቡ አባላት በመንግሥት ተቃዋሚነት ተጠርጥረው ለሕይወታቸው በመስጋት ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦንጋ አካባቢ ተሰደዱ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ሲመለሱ አብዛኛው መሬታቸው በሌሎች ተይዞ አገኙት። የቀራቸው 17.5 ሄክታር ገደማ ሲሆን፣ ይህ ለእርሻ ስለማይበቃቸው ወደ ሽመናና ወደ እህል ወፍጮ ፊታቸውን አዞሩ። ሸማኔነት በደጋው ገበሬ ዘንድ ሲናቅ የኖረ ሙያ ነው፤ እነርሱን ግን ከረሃብ ያወጣቸው ይኸው ሙያ ሆነ።

የአካባቢው የሃይማኖት ክርክር ታሪክ

በአገሪቱ የሃይማኖት ልዩነት የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ መቆየቱ አዲስ አይደለም። የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ (ሦስት ልደት) ወገኖች በጎንደር፣ በጎጃምና በሸዋ ለረጅም ዘመን ተከራክረዋል። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው ክርክሩን ለተዋሕዶ ፈረዱ፤ የወሎ ሙስሊሞችም እንዲጠመቁ ታዘዙ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደንግጓል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ለሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቋል።

ከሞርሞኖች ጋር ያለው ንጽጽር

ተመሳሳይ ነገር በአሜሪካም ታይቷል። ጆሴፍ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1830 የመሠረተው የሞርሞኖች ቤተ ክርስቲያን ከጎረቤቶቹ ጋር የተጋጨው በትምህርቱ ብቻ አልነበረም፤ አባላቱ አንድ ላይ ሰፍረው ድምፃቸውን አንድ ላይ ይሰጣሉ የሚለው ፍርሃትም ነበር። በ1838 የሚዙሪ ገዥ ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ አዘዘ፤ በ1844 ስሚዝ በኢሊኖይ በሕዝብ ቁጣ ተገደለ፤ በ1847 ተከታዮቹ ዩታ ደረሱ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1890 ከአንድ በላይ ማግባትን መተዋን ካወጀች በኋላ ዩታ በ1896 ክፍለ ግዛት ሆነች። በ2012 ሞርሞኑ ሚት ሮምኒ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩም እምነታቸው መነጋገሪያ ሆኖ ነበር።

ልዩነቱም ግልጽ ነው፤ ሞርሞኖች አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲመሠርቱ አውራ አምባ ከቤተ አምልኮ ውጭ መኖርን መረጠ። በሁለቱም ዘንድ ግን ስደቱን ያመጣው የእምነት ጥርጣሬ ከመሬትና ከሥልጣን ጥያቄ ጋር መቀላቀሉ ነው።

ዛሬ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው የመረጠውን እምነት የመያዝ ነጻነት አለው። ለዙምራ ኑሩም ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷቸዋል፤ ተማሪዎች፣ ተመራማሪዎችና የውጭ አገር እንግዶችም መንደሩን ይጎበኛሉ። ይሁንና ሕግ የሚጠብቀው የሰውን መብት ነው፤ አብሮ መብላትና አብሮ መቅበር የጎረቤት ፈቃድ ነው። ጎረቤቶች ወደ መንደሩ ወፍጮ እህል ይዘው መምጣታቸው፣ ከመንደሩ ሸማኔዎችም ልብስ መግዛታቸው፣ ያ ፈቃድ በክርክር ብቻ ሳይሆን በዕለት ተዕለት ጉርብትናም ቀስ በቀስ እንደሚገኝ ያሳያል።