አንድ ቅጽ በሦስት ቋንቋ ስንት ያስከፍላል?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የተወለደ አውራ በግ፣ በእንግሊዝኛው ቅጽ ላይ የልደት ዓመቱ እንዳለ «2016» ተብሎ ቢገለበጥ በወረቀት ላይ ስምንት ዓመት አርጅቷል ማለት ነው። መጻፍ የነበረበት 2024 ነው። አማርኛውን የሚያነበው ሻጭ ስሕተቱን አያየውም። እንግሊዝኛውን የሚያነበው ገዢ ግን ለዘር የቀረበለትን በግ ከእርድ በታች አድርጎ ይገምተዋል። በጉ በዓይን ሲታይ ጥርሱ እውነቱን ይናገራል ይባል ይሆናል። ሆኖም ወረቀቱ ከበጉ ቀድሞ ይደርሳል፤ የዋጋው ድርድርም የሚጀመረው ከወረቀቱ ነው።

ምሳሌውን ያለ ምክንያት አላነሣነውም። ከሆሳዕና በስተደቡብ በከምባታ ዞን የምትገኘው ዶዮገና ከእንሰትና ከድንች ሌላ በበጓ ትታወቃለች። ኢካርዳ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የግብርና ምርምር ማዕከል ከሀገር ውስጥ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ኅብረተሰቡን ያቀፈ የበግ ዝርያ ማሻሻያ ሥራ ከሚደግፍባቸው አካባቢዎች አንዷም ናት። አሠራሩ አርቢዎች በማኅበር ተደራጅተው የግልገሎችን ልደት፣ ክብደትና ወላጆች እየመዘገቡ የተሻሉትን አውራዎች ለዘር የሚያስቀሩበት ነው። ስለዚህ የዚህ በግ ዋጋ ወገቡና ላቱ ተዳብሶ ብቻ አይቆረጥም። መዝገብ አለው።

መዝገቡን ደግሞ ሦስት ዓይነት ሰው ያነበዋል። አርቢው አፍ የፈታው በከምባትኛ ነው፤ ከምባትኛ እንደ ጎረቤቱ ሀዲይኛ ሁሉ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መሥሪያ ቤት ሥራውን የሚያካሂደው በአማርኛ ነው። ገንዘብ የሚያወጣው ፕሮጀክት ወይም ተመራማሪ እንግሊዝኛውን ይፈልጋል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ፊደል፣ ሦስት ቋንቋና ሁለት የዘመን አቆጣጠር ይገናኛሉ። የበጉን መዝገብ ትተን የብድር ውል፣ የኪራይ ስምምነት ወይም የትምህርት ቤት ፈተና ብንወስድም ጉዳዩ ያው ነው።

ወጪው የሚደበቅበት ቦታ

«ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ የሰቀለ ቤት ይህን ሥራ ሲቀበል የሚያስከፍለው በገጽ ነው። ጸሐፊዋ በተለመደው የጽሕፈት ፕሮግራም፣ ማለትም በወርድ፣ ሦስት ዓምድ ትሠራና ትተይባለች። ትየባው ራሱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ጊዜ የሚበላው እርማቱ ነው። ከምባትኛ የሚጠብቀውን ድምፅ በተደራራቢ ፊደል፣ ጉሮሮ ላይ የሚቆረጠውን ደግሞ በጭረት ምልክት ይጽፋል። ለእንግሊዝኛ የተሰናዳው ፕሮግራም ግን ይህን ሁሉ የፊደል ስሕተት መስሎት በቀይ ያሰምርበታል፤ አንዳንዱንም ሳይጠይቅ «ያርመዋል»። የጉሮሮዋን ምልክት አንዴ ቀጥ ያለች፣ አንዴ የተቆለመመች ያደርጋታል። ለዓይን ልዩነቱ ትንሽ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አድርጎ ስለሚቆጥራቸው አንዱን ስም በሁለት አጻጻፍ የያዘ መዝገብ ውስጥ ሲፈለግ ግማሹ አይገኝም። ከዚያም አማርኛው አንድ መስመር ሲረዝም ሦስቱም ዓምዶች ይዛነፋሉ።

የፎንቱ ጣጣ ከዚህ የባሰ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ቁጥር የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች እያንዳንዳቸው ለ«ሀ» እና ለ«ለ» የየራሳቸውን ስውር ቁጥር ሰጥተው ነበር፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ቆይተዋል። በእነሱ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ቅራቅንቦ ይሆናል። የዚህ ጸሐፊ አጎት የኪራይ ውላቸውን በፍላሽ ሲያስቀምጡ ኖረው፣ ማደሻው ቀን ደርሶ ስንከፍተው ያገኘነው ይህንኑ ነበር። የታተመው ወረቀት ስለነበረ እንደገና አስተይበን ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፈልን። ወረቀቱ ባይኖርስ ኖሮ?

ጥቁሩ መስኮት

ሌላ መንገድ አለ፤ አዲስም አይደለም። ዶናልድ ክኑት የተባሉት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1977 የመጽሐፋቸውን አዲስ እትም የማተሚያ ናሙና አይተው አስጠላቸው። መጽሐፉን ለጊዜው አቆይተው ገጽ የሚያሰናዳ ፕሮግራም ወደ መሥራቱ ዞሩ። ስሙን ቴክ አሉት። በነጻ ለቀቁት፤ ስሕተት ላገኘባቸው ሰውም 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ቼክ ይልኩ ነበር። በኋላ ሌስሊ ላምፖርት አጠቃቀሙን ያቀለለውን ላቴክን ጨመሩበት። የዓለም የሒሳብና የፊዚክስ ሊቃውንት ጽሑፋቸውን የሚያሰናዱት በአብዛኛው በዚህ ነው።

አሠራሩ ከወርድ ጋር አይመሳሰልም። ጸሐፊው ተራ ጽሑፍ ይጽፋል። «ይህ ርእስ ነው»፣ «ከዚህ እስከዚያ አማርኛ ነው»፣ «ከዚህ እስከዚያ ከምባትኛ ነው» የሚሉ አጫጭር ምልክቶች በጽሑፉ መካከል ያስገባል። ፋይሉን አስቀምጦ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ የፕሮግራሙንና የፋይሉን ስም ይጽፋል፤ የግቢያ ቁልፉን ሲጫን ለማተም የተዘጋጀ ፒዲኤፍ ይወጣል። የሚጎተት ነገር፣ የሚጠቆም ሥዕል የለም። ምልክት ከተሳሳተ ፕሮግራሙ መሥመሩን ቆጥሮ ይናገራል፤ አነጋገሩ ግን ጨዋ ነው አይባልም፣ ጀማሪን ያስደነግጣል።

ለግዕዝ ፊደል መንገዱ ቀስ እያለ ነው የተከፈተው። መጀመሪያ አባስ አላምነህ ኢትቴክ የተባለውን አበረከቱ። ከዚያም ብርሃኑ በየነና የሀምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች የእሳቸውን ፊደላት መነሻ አድርገው ለላቴክ የአማርኛ ጥቅል አዘጋጁ። በዚያን ጊዜ አማርኛው በላቲን ፊደል ተጽፎ ፕሮግራሙ ወደ ግዕዝ ይመልሰው ነበር። ለነጋዴ የሚሆን አልነበረም፤ የምሁራን ትዕግሥት ይጠይቃል። ነገሩን የለወጠው ጆናታን ኪው እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ዚቴክ ነው። ዚቴክ ዩኒኮድን እንዳለ ያነባል፤ በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነውን ፎንትም በቀጥታ ይጠቀማል። በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካ ፎንት ለአማርኛው፣ ሌላ ፎንት ለላቲኑ መድቦ አንድ ጊዜ ማዘዝ ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ መስመር ሲሞላበት ቃል ይከፍላል፤ የሚከፍለውም በተነገረው ቋንቋ ሕግ ነው። ለግዕዝ ፊደል የመክፈያ ሕግ ተዘጋጅቶለታል። እኛ ቃሉን ያለ ጭረት መቁረጥ ስለለመድን ጭረቱን እንዲተው ማዘዝ ይቻላል። ለከምባትኛና ለሀዲይኛ ግን ሕግ የለም። ዝም ከተባለ በእንግሊዝኛው ሕግ ይቆርጣቸዋል፤ ተደራራቢውን ፊደል መካከሉን ሰንጥቆ የሰውን ስም ያበላሻል። መፍትሔው በእነዚህ ዓምዶች ቃል እንዳይከፍል አንድ ትእዛዝ ማስገባት ነው። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ፕሮግራሙ ለኛ ቋንቋ አይሆንም ብሎ ይተወዋል።

ሒሳቡ

የምጣኔ ሀብት ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት የሚማረው ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ እዚህ በግልጽ ይታያል። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተወሰዱ ናቸው፤ የራስዎን ያስገቡ። አንድ ማኅበር በየስድስት ወሩ የ120 አውራ በጎች ቅጽ ያሠራል እንበል። በእጅ ሲሠራ አንዱ ቅጽ ከነእርማቱ 12 ደቂቃ ቢፈጅ በጠቅላላው 24 ሰዓት ነው። በዚቴክ ከሆነ የቅጹን አካል በሦስቱ ቋንቋ ማሰናዳት 20 ሰዓት፣ ከዚያ የበጎቹን ዝርዝር በሰንጠረዥ መሙላት ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ፣ ማለትም 4 ሰዓት ይወስዳል። በመጀመሪያው ዙር ትርፍ የለም፤ 24 ለ24 ነው። በሁለተኛው ዙር የቅጹ አካል ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ 24 ለ4 ይሆናል።

መማሪያውስ? በቀን ሦስት ሰዓት ለ15 ቀን ቢታሰብ 45 ሰዓት ነው። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ በየዙሩ 20 ሰዓት ስለሚተርፍ ይህ ወጪ የሚመለሰው በአራተኛው ዙር፣ ማለትም በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ላይ ነው። ደንበኛው አንድ ብቻ ከሆነ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። በዚሁ ዕውቀት ፈተና፣ የአክሲዮን ምስክር ወረቀት፣ የዋጋ ዝርዝርና የመተዳደሪያ ደንብ የሚያሰናዳ ቤት ግን ቶሎ ይመልሰዋል። በተቃራኒው የቤቱ ገበያ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ከሆነ ይህን ፕሮግራም አይንካው። ቆሞ የሚጠብቅ ባለጉዳይ ባለበት ወርድ ይቀድማል።

ወርድም ሰንጠረዥን ከቅጽ ጋር ማዋሐድ ይችላል የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ለአንድ ቋንቋ ቅጽ እኛም እሱን እንመርጣለን። ልዩነቱ የሚመጣው ሦስቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ሳይዛነፉ እንዲሄዱ ሲፈለግና ስሌት ሲገባበት ነው። ያ የልደት ዓመት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለመቀየር ሰባት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ ስምንት። የዚቴክ ታናሽ ወንድም ሊባል በሚችለው በሉዋቴክ ይህን ሕግ በጥቂት መስመሮች ጽፎ፣ የኢትዮጵያው ቀን አንዴ ብቻ እንዲሞላ፣ የእንግሊዝኛው ዓምድ በራሱ እንዲወጣ ማድረግ ይቻላል። አንዴ በትክክል ከተጻፈ በ120ኛው በግ ላይ ደክሞት አይሳሳትም። አንዴ በስሕተት ከተጻፈ ግን 120ውንም ያሳስታል፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን አምስት ቅጾች በጣት እየቆጠሩ ማረጋገጥ የግድ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ከባድ አይደለም። ያረጀ ኮምፒውተርም ይሸከመዋል፤ የፈቃድ ክፍያ የለበትም። ሙሉው ጥቅል በርካታ ጊጋባይት ስለሆነ ከኢንተርኔት መስመር ላይ መጎተቱ ገንዘብ ያስወጣል። አንዱ ያወረደውን በፍላሽ መቀባበሉ ይቀላል፤ ፈቃዱም ይህን አይከለክልም። ሠራተኛ ለሚፈልግ ደግሞ ላቴክ በሒሳብና በፊዚክስ ተማሪዎች ዘንድ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ሆሳዕና ባለው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጠይቆ በትርፍ ሰዓት የሚሠራ መፈለግ ጸሐፊን ከባዶ ከማስተማር ሊረክስ ይችላል። ከምባትኛውን የሚያርም ሰው ግን በማንኛውም ፕሮግራም አይተካም። እሱን በሰዓት መክፈል ነው።

ለደላሎችና ለባለሀብቶች የሚሆን አንድ ነገር እንጨምር። የሦስት ቋንቋ ውል ሲያሠሩ ልዩነት ቢፈጠር የትኛው ቋንቋ እንደሚጸና በውሉ ውስጥ ያስጽፉ። ሒሳብ ሲዘጉ የታተመውን ወረቀት ብቻ ይዘው አይውጡ፤ ፒዲኤፉን፣ የተጻፈበትን ተራ ፋይልና የተጠቀመበትን ፎንት በፍላሽዎ ያስገልብጡ። ጸሐፊው እያየ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ይሞክሩት፤ ከዚያ ይክፈሉ።